ሁለተኛው ረድፍ

ቅዳሜ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ፣ ጎባ ወላጆቼ ግቢ ውስጥ በመጨረሻው ቋሚ ዙሪያ አፈር ስጠቀጥቅ፣ አብዮት ጠባቂዎች በሩን በእርግጫ ከፍተው ገቡ።

በዚያ ክረምት በሽታ የአባቴን ቀኝ ጎን ጥሎት ነበር። ቤታችን ከፍ ባለ የድንጋይ መሠረት ላይ ስለተሠራ፣ ለሶላት ሊታጠብ ግቢው ውስጥ ወዳለው የውሃ በርሜል ሲወርድ እናቴ ትደግፈዋለች፤ አንዳንዴ አብረው ይወድቃሉ። እኔ ዲንሾ ስለማስተምር የምመጣው ቅዳሜና እሁድ ብቻ ነው። ከደረጃው እስከ በርሜሉ የጽድ ቋሚ ተክዬ፣ በደህና እጁ እንዲይዘው በግራ በኩል አግዳሚ ቸነከርኩበት። አባቴ ሞከረው።

«ስወርድ ያዝኩ። ስመለስስ? በጥርሴ ልያዝ?»

ስለዚህ በሌላው ጎን ሁለተኛ ረድፍ መቆፈር ጀመርኩ።

ያን ጊዜ ማንም ሰው ግቢው ውስጥ አዲስ አፈር አያሳይም ነበር፤ መሣሪያ ቀብረሃል ይባላል። እናቴ ድንች ስትተክል እንኳ ጎረቤት ጠርታ ጉድጓዱን ታሳይ ነበር። እኔ ሰው መጥራት ስለማፍር ብቻዬን ቆፈርኩ።

«ምን ቀበርሽ?» አለ አለቃቸው።

«መደገፊያ ነው... ለአባቴ...»

«አልሰማሁሽም!» በጥፊ መታኝና ጆሮዬ ጮኸ።

ቋሚዎቹን በዲጅኖ እየነቀሉ ጉድጓዶቹን ማስፋት ያዙ። አባቴ ደረጃው ጫፍ ላይ የቀረችውን አግዳሚ ይዞ ቆሟል።

«ልጆች፣ ጉድጓዱ ለኔ ከሆነ ትንሽ አርዝሙት» አላቸው።

አለቃው ደረጃውን ወጥቶ አግዳሚውን የያዘውን የአባቴን ግራ እጅ በሰደፍ መታው። እንደገና መታው። አባቴ ለቀቀ፤ በድንጋዩ ላይ እየተንከባለለ ወረደ። እናቴ «ያ ረቢ!» እያለች ላዩ ላይ ስትወድቅ እሷንም ጎኗን ረገጧት። ከጉድጓዶቹ ግን ድንጋይ እንጂ ሌላ አልወጣም። አግዳሚዎቹን ሰባበሯቸው።

«ዳግመኛ አዲስ አፈር ካየን እናንተን ነው የምንቀብርበት» ብሎ አለቃው ጉድጓዶቹን እንደተከፈቱ ትቶ ወጣ።

ማታ የአባቴ ጣቶች አብጠው አይታጠፉም ነበር። እናቴ ትንፋሽ ስትስብ ጎኗን ትይዛለች።

«ኢንታላ ኮ» አለኝ አባቴ፤ ልጄ ማለቱ ነው። «ተዪው። ለበሽተኛ በውሃ ፈንታ በአፈር መታጠብ ተፈቅዷል። አፈሩን እንደሆነ ቆፍረውልኛል።»

ሊያስቀኝ ፈልጎ ነበር። ራሱ ግን አልጋው ላይ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ከዚያ አልጋ ዳግመኛ ላይወርድ እንደወሰነ ገባኝ።

በማግስቱ ጠዋት ሻሼን አስሬ፣ በየጎረቤቱ በር «ኑና ጉድጓዳችንን እዩልን» አልኩ። ከዚያ ቀበሌ ሄድኩ።

«ጓድ፣ ጉድጓዱን ልሞላው ነው። ሳልሞላው መጥተው ይዩት።»

«አብደሻል?» አለ አለቃው።

«ዛሬ ካላዩት ነገ ይመጡብናል።»

ጠመንጃውን አንግቶ ተከተለኝ። ጎረቤቶች አጥሩ ሥር ቆመው ነበር። በያንዳንዱ ጉድጓድ አጠገብ ተንበርክኬ ክንዴን እስከ ትከሻዬ አስገባሁና ጭቃ የለበሰ እጄን አውጥቼ አሳየሁ። እሱ መሬት ላይ ተፍቶ ሄደ።

ቋሚዎቹን በሁለቱም ጎን መልሼ ተከልኩ። የአባቴ ጣቶች ስለማይጨብጡ በአግዳሚዎቹ ፈንታ ክርኑን የሚያሳርፍበት ሰፋፊ ጣውላ ቸነከርኩ፤ ከዚያ አባቴን ልጠራው ገባሁ።