የማለዳ ሩጫዬና ለቀስተኞቹ

ደባርቅ ላይ ልብስ ሰፊ ነኝ። ስፌት መኪናዬ ፊት ተቀምጬ እውላለሁ፣ ተቀምጬ አመሻለሁ። የጉልበቴ ሕመም ሲብስብኝ ጤና ጣቢያ ሄድሁ። ነርሷ አየት አደረገችኝና፣ «እናቴ፣ መድኃኒቱ መንቀሳቀስ ነው» አለችኝ። እኔ የፈለግሁት ክኒን ነበር፤ እየተነጫነጭሁ ወጣሁ።

ይህን ጎንደር ለምትማረው ልጄ በስልክ መንገሬ ነው ጉድ ያመጣብኝ። ከዚያ ቀን ጀምራ ስለ ልማድና ስለ አስተሳሰብ የሚያወሩ ቪዲዮዎች ትልክልኝ ጀመር። ከረባት ያሰረ ሰው ወዲያ ወዲህ እየተንጎራደደ፣ «ማለዳ ተነሱ! ምቾታችሁን ጥላችሁ ውጡ!» ብሎ ይጮኻል። የደባርቅን ውርጭ ቢቀምሰው ድምፁን ዝቅ ያደርግ ነበር። ባሌ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ ያዳምጥና፣ «ምቾት ያለው እኛ ቤት ነው ብሎ ማን ነገረው?» ይላል።

ልጄ አልተወችኝም። «እማዬ፣ ችግሩ ጉልበትሽ ሳይሆን አስተሳሰብሽ ነው።»

«ታዲያ የሚያመኝ ምነው ጉልበቴን ሆነ?» አልኋት።

ሳቀች። እኔን ግን ነገሩ ከነከነኝ፤ እልህም ያዘኝ። አንድ ማለዳ የልጄን አሮጌ ሸራ ጫማ አጠለቅሁ፣ ቀሚሴን በመቀነት ሸብ አደረግሁ፣ ነጠላዬን ጣል አድርጌ ባሌ ሳይነቃ ወጣሁ። ሐሳቤ ወደ ቡይት ራስ በሚያወጣው ዳገት ትንሽ ሮጬ መመለስ ነበር።

አንድ ነገር ዘንግቻለሁ። በእኛ አገር አንዲት ባለትዳር ሴት በማለዳ ስትሮጥ ከታየች ወይ ቤቷ እየተቃጠለ ነው፣ ወይ ሰው ሞቶባታል።

ገና ከሰፈራችን ሳልወጣ ጎረቤቴን አገኘኋቸው። በዕድሜ እናቴን የሚያህሉ፣ ቤተ ክርስቲያን ስመው የሚመለሱ ሴት ናቸው። «ምን ሆንሽ ልጄ?» አሉኝ ደንግጠው። እስትንፋስ ቢኖረኝ «ስፖርት ነው» እላቸው ነበር። አጠረኝና እጄን ብቻ አወዛውዤ አለፍሁ። እሳቸው ይህን «አይጠይቁኝ፣ ጉድ ሆኛለሁ» ብለው ተረጎሙት። ነጠላቸውን እንደ ለቀስተኛ አዘቅዝቀው፣ «ወየው! ወየው ልጄን!» እያሉ ተከተሉኝ።

የእሳቸውን ድምፅ የሰማ ሁሉ በሩን ከፈተ። ሻይ ቤት ያላት ሴትዮ እጇ ሊጥ እንደ ሆነ ወጣች። መንገድ ዳር የጃናሞራን መኪና የሚጠብቅ አንድ ገበሬ ዱላውን አንሥቶ፣ «ሌባው በየት ሄደ?» አለ። «ኧረ ሞት ነው!» አሉት። ዱላውን ዝቅ አድርጎ እሱም ሮጠ።

እኔ ደግሞ ከኋላዬ ለቅሶ ስሰማ እውነትም ሰው የሞተ መሰለኝ። ፈራሁና ባሰብኝ፤ ሩጫዬን ጨመርሁ። የባጃጅ ሹፌር አጠገቤ መጥቶ፣ «ማዘር፣ ይግቡ ላድርስዎ! ለቅሶው የት ነው?» አለኝ።

«እኔ እንጃ! እነሱን ጠይቃቸው!»

ወደ ኋላ ቀረና ጠየቃቸው። «እሷን ነው የምንከተል» አሉት።

የከተማው ዳር ስደርስ ጉልበቴ ከዳኝና ድንጋይ ላይ ተዘረፈጥሁ። ጎረቤቴ ደርሰው አንገቴን አቀፉኝ። «አይዞሽ፣ አይዞሽ የኔ ልጅ። ባልሽ ነው አይደል?»

ባሌ! መርዶ የሚነግሩኝ መሰለኝ። ተኝቶ ትቼው ነበር፤ ይኸው ዞር ከማለቴ ሞተ። ጩኸቴን ለቀቅሁት። እኔ ስጮኽ እነሱ ደረታቸውን መቱ፤ ገበሬው ሳይቀር ዓይኑን በጋቢው ጥለት ጠረገ። ሻይ ቤቷ ሴትዮ በሊጥ እጇ ፊቷን ይዛ፣ «አይ የዋህነቱ! ሻዩን እንኳ ስኳር አነሰው ብሎ አያውቅም!» እያለች ሙሾ ጀመረችለት።

ያን ጊዜ ነው ሰዉን እየገፈተረ፣ ነጠላ ጫማ ያጠለቀ ሰው የመጣው። ባሌ ነበር። የቀሰቀሰው የእኛው ለቅሶ ነው።

«ማን ነው የሞተው?» አለ።

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። «አንተ» አልሁት።

ራሱን ዳበሰ፤ እውነቱን ነው የዳበሰው። ከዚያ ጎረቤቴ ቀስ ብለው ክንዴን ለቀቁና፣ «ታዲያ ለምንድን ነው የሮጥሽው?» አሉኝ።

«ለጤና ነው እማማ።»

«ለጤና! የማን ጤና? እኔን ልትገድይኝ?»

መጀመሪያ የሳቀው ገበሬው ነው፤ ከዚያ ማንም ራሱን አልቻለም። እስክንመለስ መኪናው ጥሎት ሄዶ ስለነበር ሌላ እስኪመጣ እኛ ቤት ቁርስ በላ፤ የሟቹን ጤንነት ደጋግሞ እየጠየቀ።

ከሀፍረቴ የተነሣ ሁለተኛ ከቤቴ ላልወጣ ማልሁ። በማግሥቱ ማለዳ ግን በሩ ተንኳኳ። ጎረቤቴ ናቸው።

«ተነሺ እንጂ።»

«ወዴት ነው እማማ?»

«ትናንት ስሮጥ ውዬ እንደ ሕፃን ተኝቼ አደርሁ። ወገቤም ቀሎኛል። ዛሬ ግን ሳናለቅስ እንሂድ።»

ሄድን። አልሮጥንም፤ እሳቸው የመንደሩን ወሬ እያወሩ፣ እኔ እየሰማሁ ቀስ ብለን ዳገቱን ወጣን። ከዚያ ወዲህ የኔ ቁርጠኝነት የእሳቸው ዱላ ነው። ብርድ ነው ብል በሩን በዱላቸው ያንኳኳሉ፤ ራሴን አመመኝ ብል፣ «መንገድ ላይ ይተውሻል» ይላሉ። ሻይ ቤቷ ሴትዮም ሥራ ሲቀልላት ትከተለናለች። እኔ ብቻዬን ብሆን በሦስተኛው ማለዳ ትቼው ነበር፤ ራሴን አውቀዋለሁ።

ባለፈው ክረምት እሳቸውን ጉንፋን ጣላቸው። የዚያን ቀን በሩ አልተንኳኳም። ብርድ ልብሴ ሙቅ ነበር፣ ውጭ ጭጋግ ነበር፣ የሚጠይቀኝም የለም። ትንሽ ጆሮዬን አቁሜ ቆየሁ። ከዚያ ሳላስበው እግሬ ጫማውን ሲፈልግ አገኘሁት። ብቻዬን ወጥቼ ተመለስሁና አልጋቸው አጠገብ ተቀመጥሁ።

«ሄድሽ?» አሉኝ በታፈነ ድምፅ።

«ሄድሁ።»

«ማንን አገኘሽ?»

ያገኘሁትን ሁሉ አንድ በአንድ ነገርኋቸው፤ ባጃጁ ጭቃ ውስጥ መግባቱንም ጭምር። እየሳሉ ሳቁ።