የአባቴና የአጎቴ ታላቅነት በጃቫ

ወታደርነቴን ጨርሼ ዩኒፎርሙን በመለስኩ በወሩ የፕሮግራሚንግ ኩርስ ገባሁ። ጠዋት ማሪናው፣ የጀልባዎቹ ወደብ፣ አንድ ካፌ ውስጥ አስተናግዳለሁ፤ ከሰዓት በኋላ ጃቫ የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ እማራለሁ። አንድ ቀን ሞራችን፣ መምህራችን ማለት ነው፣ ማወዳደርን አስተማረችን፦ ይበልጣል፣ ያንሳል፣ እኩል ነው። ኮምፒውተሩ የሚመልሰው «ትሩ» ወይም «ፎልስ» ብቻ ነው፤ እውነት ወይም ሐሰት። «ምናልባት» የሚባል አያውቅም። ደስታዬ ልክ አልነበረውም! ሰፈራችን ሮቫ ሄ እስክደርስ አውቶቡስ ውስጥ የተሳፋሪውን ቁመት ሳወዳድር ነበር።

ቤት ስገባ አባቴና ወንድሙ እንደ ወትሯቸው «ታላቁ እኔ ነኝ» እየተባባሉ ይጨቃጨቃሉ። ሁለቱም የተወለዱበትን ቀን አያውቁም።

«ቆዩ፣ ኮምፒውተሩ ይፍረድ» አልኩና መታወቂያቸው ላይ በግምት የተጻፈውን ዕድሜ ጠየቅኩ። አባቴ ስልሳ አንድ፣ አጎቴ ስልሳ አሉ። ፕሮግራሙን ጽፌ አስነሳሁት። «አባት ታላቅ ነው» አለ።

አጎቴ ተቆጡ። «እንግዲያስ የእኔን ሰባ አድርጊው!»

ሰባ አደረግኩት። አሁንም «አባት ታላቅ ነው»።

«ይሄ ማሽን ጉቦ በልቷል!» አሉ። አባቴ እንባው እስኪወርድ ሳቀ።

እኔ ግን ደነገጥኩ። ስልሳ አንድ ከሰባ እንዴት ይበልጣል? መስመር በመስመር ወረድኩና አገኘሁት። «አባት ይበልጣል» የሚለው እውነት መሆኑን ለመጠየቅ ሁለት የእኩል ምልክት በሚያስፈልግበት ቦታ አንድ ብቻ ጽፌያለሁ። ሁለቱ «እውነት ነው ወይ?» ብለው ይጠይቃሉ፤ አንዱ ግን «እውነት ሁን!» ብሎ ያዛል። ማሽኑ አልዋሸም፣ እኔ ነኝ ያዘዝኩት!

«አገኘሁት!» ብዬ ስጮህ ሁለቱም ከወንበራቸው ዘለሉ።

አስተካክዬ ሳስነሳው አጎቴ ታላቅ ሆኑ። አባቴ ወዲያው «ሰባማ ውሸት ነው» አለ። እውነቱን ነው፤ ማሽኑ የሚያወዳድረው የሰጡትን ብቻ ነው። ስለዚህ ቁጥሩን ትቼ ሁለቱም የሚያውቁትን ጠየቅኩ።

«ከእናንተ መካከል ማን ማንን አዝሏል?»

አባቴ አንገቱን አቀረቀረ።

«እሱ አዝሎኛል» አለ ቀስ ብሎ። «ልጆች ሳለን ወንዙ ሲሞላ፣ በጀርባው አሻግሮኛል።»

ያቺን አንዲት መልስ «ትሩ» ብዬ አስገባሁ። ምንም ቁጥር አላስፈለገም። «አጎት ታላቅ ነው» የሚለውን ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው።

አባቴ ከመቀመጫው ተነስቶ የወንድሙን ትከሻ ሳመ። «እሺ አያ፣ ተረታሁ» አለ።

አጎቴ ወንበራቸውን ወደ ስክሪኑ አስጠጉ። «ልጄ፣ እስቲ ደግመሽ አስነሺው።»

ሰባት ጊዜ አስነሳሁላቸው።