እህት ዖርፋና ሦስቱ የጥያቄ ዓይነቶች

በሸለቋችን ውስጥ እንደ ዖርፋ ስሎን ውሸት የማይሆንለት ሰው አላውቅም። ይህን የምለው ላሞግሳት አይደለም፤ አንዳንዴ ታናድዳለች። አንድ ፋሲካ አዲሱን ኮፍያዬን አይታ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ "ኤሊስ፣ ይሄ ነገር አንተ ላይ ሲታይ ያሳዝናል" ብላኛለች። ባሏ ዴንዚል የአክስቴ ልጅ ስለሆነ ችዬ አለፍኩት።

ዴንዚል ሠላሳ ዓመት የድንጋይ ከሰል ቆፍሮ ሳንባው ጠቁሯል። የኦክስጅን ቱቦ አፍንጫው ላይ ካልተሰካ ከአልጋው እስከ መስኮቱ አይደርስም። ዖርፋ የምትሠራበት የትምህርት ቤት ወጥ ቤት ሲዘጋ ሁለት ሥራ ብቻ ቀራት። አንዱ በመኪና አንድ ሰዓት ተኩል የሚያስኬደው የዶሮ ሥጋ ፋብሪካ ነው። ሌላው እኔ በር ላይ የምቀመጥበት የሸሪፍ፣ የወረዳው ፖሊስ፣ ቢሮ ሲሆን፣ ሥራውም የድንገተኛ ስልክ መቀበል ነው። ቢሮው ከቤቷ አሥር ደቂቃ ስለሆነ ዴንዚል ትንፋሽ ቢያጥረው ትደርስለታለች። ዶሮ ፋብሪካ ከገባች ግን ቀኑን ሙሉ ብቻውን ይውላል።

በቢሮው የጽሑፍ ፈተና አንደኛ ወጣች። የቀራት እዚያ የሚቀጠር ሁሉ የሚያልፍበት የውሸት መመርመሪያ ማሽን ነበር።

ማሽኑን ይዞ ከዋናው ከተማ የሚመጣው ሚስተር ፕሩዊት ነው። ሴት ስትመረመር ምስክር ይኑር የሚል ደንብ ስላለ፣ ስምንት ዓመት በመስታወቱ ማዶ ተቀምጬ አይቻለሁ። አንድ ቀን ባቄላና የበቆሎ ዳቦ እየበላን ሥራውን አጫወተኝ።

"ጥያቄው ሦስት ዓይነት ነው" አለኝ። "አንደኛው ለምንም የማይሆን ነው፤ 'ዛሬ ሐሙስ ነው?' ምናምን፣ ሰውየውን ለማርጋት። ሁለተኛው ዋናው ነው። ዕፅ ሸጠሃል? ሰርቀሃል? ሦስተኛው ማነጻጸሪያ ነው። 'ያመነህን ሰው ዋሽተህ ታውቃለህ?' እለዋለሁ። መቼም ያልዋሸ የለም፤ ሥራውን ስለሚፈልግ ግን 'አልዋሸሁም' ይለኛል፣ ልቡም ድው ድው ይላል። ንጹሕ ሰው የሚደነግጠው እዚህ ላይ ነው። ዋናው ጥያቄ ላይ ግን ዘና ይላል። ጥፋተኛው ተቃራኒው ነው። የበለጠ የደነገጠው የትኛው ላይ እንደሆነ አይቼ እፈርዳለሁ።"

"እዚያ የማይደነግጥ ንጹሕ ሰው ቢመጣስ?" አልኩት።

"እስካሁን አልመጣም" ብሎ ሳቀና ዳቦው ላይ ቅቤ ጨመረ።

ይህን ለተመርማሪ እንዳልናገር ፈርሜያለሁ። ስለዚህ ዖርፋ መጥታ "ምንድነው የሚጠይቁኝ?" ስትለኝ፣ "እውነቱን ሁሉ ንገሪያቸው፤ አንቺ ምን አለብሽ!" አልኳት። ከዚህ የከፋ ምክር ለማንም ሰጥቼ አላውቅም።

በእኛ ቤተ ክርስቲያን እሑድ እሑድ ሰው ይነሣና በሳምንቱ የበደለውን በጉባኤው ፊት ይናገራል። ከዚያ ሁሉም ተሰልፎ፣ ይቅር ብለንሃል ለማለት፣ ቀኝ እጁን ይሰጠዋል፤ ነገሩም እዚያው ያበቃል። ብዙዎቻችን ቀለል ያለውን መርጠን ነው የምንናገረው። ዖርፋ ግን ምንም አታስቀርም።

የምርመራው ቀን ፕሩዊት ማሽኑን ከማሰሩ በፊት፣ እንደ ልማዱ፣ ጥያቄዎቹን አነበበላት።

"ያመነዎትን ሰው ዋሽተው ያውቃሉ?"

"አዎ፣ ጌታዬ።"

ፕሩዊት ብዕሩን አቆመ። "ይሄ መቼም ትንሽ ነገር ይሆናል።"

"ትንሽ አይደለም። እናቴ ልትሞት ሳምንት ሲቀራት፣ ሐኪሙ ትድናለች ብሏል አልኳት። አላለም።"

"እሺ። ከዚያ ሌላ የለም አይደል?"

"ኧረ አለ! ዴንዚልን ሳገባው ወጥ እችላለሁ ብዬዋለሁ።"

ሰውየው ሊያስቆማት ሞከረ፤ እሷ ግን ከልጅነቷ ጀምራ የሆዷን ሁሉ ዘረገፈች። ግማሽ ሰዓት ሞላ። በመጨረሻ "አሁን የለም፣ ጨረስኩ" ስትል፣ ፊቷ እሑድ ተናግራ ስትቀመጥ እንደሚበራው በራ። እኔ መስታወቱን ደብድቤ "አንድ ነገር እንኳ አስቀሪ!" ማለት አማረኝ። ምስክር ግን አይናገርም።

ደረቷ ላይ የጎማ ቱቦ፣ ክንዷ ላይ የግፊት መለኪያ፣ ጣቶቿ ላይ ሽቦ ታሰረ።

"ከነገሩኝ ውጪ ያመነዎትን ሰው ዋሽተዋል?"

"አልዋሸሁም።" ማሽኑ ወረቀት ላይ የሚያሰምረው መስመር ቀጥ ብሎ አለፈ።

"ሐኪም የሚያዘውን የሕመም ማስታገሻ ክኒን ሸጠው ያውቃሉ?"

"አልሸጥኩም።" መስመሩ ዘለለ።

ፕሩዊት ሲወጣ ኮሪደር ላይ ያዝኩት። "ታናሽ ወንድሟ በዚያ ክኒን ሱስ ነው የሞተው። ሬሳውን ያገኘችው እሷ ናት። እዚህ ሸለቆ ክኒን ሲባል የማን ልብ አይደነግጥም?"

"አዝናለሁ" አለኝ፤ ያዘነም ይመስላል። "ማሽኑ ለምን እንደደነገጠች አይነግረኝም።"

የውጤቱ ደብዳቤ በሳምንቱ ደረሰ። በዋና ጥያቄ ላይ ማታለል ታይቷል፤ ይግባኝ የለም። ዖርፋ ይዛው እኔ ጠረጴዛ ፊት ቆመች።

"ሰኞ ዶሮ ፋብሪካ እጀምራለሁ" አለች። ቀጥላም፣ "ኤሊስ፣ ሸጬ ይሆን እንዴ?"

"አብደሻል?"

"አምና ዴንዚል ከማስታገሻዬ ሁለት ክኒን ጎደለ ብሎኝ ነበር። ለሰው ሰጥቼ ረስቼው እንደሆነስ?"

"ዴንዚል ሲቆጥር ተሳስቶ ነው!"

"ማሽኑ ያየውን አንተ አላየህም።"

ያን ጊዜ ፊርማዬን አፈረስኩ። ሦስቱን የጥያቄ ዓይነቶች አንድ በአንድ ነገርኳት፤ የወደቀችው ስላልዋሸች እንደሆነም ነገርኳት። እስክጨርስ ሰማችኝና ክንዴን ነካ አደረገች።

"ለማጽናናት ብለህ አትዋሸኝ፣ ወንድሜ" አለችኝ።

እሑድ ሁለተኛው መዝሙር እንዳለቀ ተነሣች። "ክኒን ሸጫለሁ። መቼ እንደሆነ አላስታውስም፤ ግን ሸጫለሁ።" ከፊቷ የተቀመጡት ልጆቻቸውን በዚያው መርዝ የቀበሩ እናቶች ናቸው። አንዷ አፏን በእጇ ያዘች።

በጉባኤ የተነገረን ቃል ሐሰት ነው ማለት በእኛ ዘንድ የለም። ሰው ይሰለፋል፤ እጅ ይሰጣል። መጀመሪያ ዴንዚል የኦክስጅን ጠርሙሱን እየጎተተ ሄዶ፣ ትንፋሹ እየተቆራረጠ፣ "ይቅር... ብዬሻለሁ" አላት። እናቶቹም ተራ በተራ ደረሱ፤ አንዳንዶቹ በጣታቸው ጫፍ ብቻ ነኳት።

የእኔ ተራ ሲደርስ ጎንበስ ብዬ "አልሸጥሽም" አልኳት።

"ኤሊስ፣ ሰው እየጠበቀ ነው" አለችኝ።

ቀኝ እጄን ሰጠኋት።