አረንጓዴ የተቀባው ቦታ

በቤቶች ልማት መሥሪያ ቤት ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ከመስኮቱ ሥር ያለው ጠረጴዛ የነዳፊው ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ተቀምጦበታል። አርክቴክቶች ያስባሉ፣ መሐንዲሶች ያሰላሉ፣ እሱ ደግሞ የታሰበውንና የተሰላውን በንጹሕ መስመር ያወጣል። ሲጨርስ ቀለም ይቀባል፦ መንገዱን ግራጫ፣ ሕንፃውን ቢጫ፣ የተረፈውን ሁሉ አረንጓዴ። የተረፈው ማለት ምን እንደሚሆን ማንም ገና ያልወሰነለት ማለት ነው። ባዶ ሆኖ ከታየ አለቃ «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» ይላል፤ አረንጓዴ ከሆነ ግን ጠያቂ የለውም። በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ ይህን የማያውቅ የለም። ከመሥሪያ ቤቱ ውጭ ደግሞ የሚያውቅ የለም፤ ጣጣውም ይኸው ነው።

ባልደረቦቹ «አትክልተኛው» ይሉታል። በወረቀት ላይ የተከለው ዛፍ ቢሰበሰብ ጫካ ይወጣዋል፤ መሬት ላይ የበቀለው ግን አንድ ፍየል በአንድ ጠዋት የምትጨርሰው ነው። እሱም አብሯቸው ይስቅ ነበር። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ግን ሳቁ ጠፋ። ልጅ አልወለዱም። የእኔ የሚላት የቀረችው ታላቅ እህቱ ብቻ ናት።

እናታቸው ስትሞት እሱ ስድስት ዓመቱ፣ እሷ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር። ትምህርቷን ትታ፣ በጓሮዋ ቆስጣና ሰላጣ እያበቀለች፣ ለሠፈሩ እየሸጠች አሳደገችው። ስልሳ ካለፋትም በኋላ ሥራዋ ያው ነበር። አንድ ጊዜ እግሯ ተሰብሮ ሁለት ወር ብትተኛ ያከሳት ስብራቱ ሳይሆን በመስኮት የምታየው የጓሮዋ መራቆት ነበር። አፈር ሳትነካ መዋል አትችልም፤ እንዲያው አልፈጠረባትም።

የእህቱ ሠፈር እንዲፈርስ ሲወሰን ለነዋሪው ሁለት ምርጫ ቀረበለት። አንዱ እዚያው አጠገብ በሚሠራው አዲስ ሕንፃ ውስጥ አንድ ክፍል ቤት መውሰድ ነው። ሌላው ከከተማው ዳር፣ በሁለት አውቶቡስ የሚደረስበት ቁራሽ መሬት ነው። መርጦ የፈረመ ሐሳቡን መለወጥ አይችልም።

አዲሱን ሕንፃ የነደፈችው ወጣት አርክቴክት ከሌሎቹ ትለያለች። ግድግዳው ከተጠቀጠቀ የአፈር ጡብ ይሠራል፤ ርካሽ ነው፣ ሙቀትም አያስገባም። የጣሪያው ዝናብ በቱቦ ወርዶ ይጠራቀማል። ሕንፃዎቹ መካከል ባለው ሰፊ ግቢ ደግሞ ለእያንዳንዱ ቤተሰብ አንድ አንድ መደብ መሬት ይደርሰዋል። «ይሄኛው አረንጓዴ የተረፈ አይደለም» አለችው። «መጀመሪያ ያስቀመጥኩት እሱን ነው፤ ቤቶቹ ናቸው ዙሪያውን የመጡት።» ነዳፊው በሃያ ስድስት ዓመት ሥራው ለመጀመሪያ ጊዜ አመነ። በጥንቃቄ ቀባው። አንድ ቅጂ ለእህቱ ወሰደላት፤ እሷም ግድግዳዋ ላይ ለጠፈችውና የቱ መደብ እንደሚደርሳት በጣቷ ስትገምት ሰነበተች።

ፊርማው ሐሙስ ሊሆን፣ ሰኞ ዕለት ማሻሻያ መጣ። የከተማው የፍሳሽ መስመር እዚያ አይደርስምና ግቢው መሀል የፍሳሽ ማጠራቀሚያ ጉድጓድ ይቆፈር፤ ከጎኑ ጄኔሬተር፣ የቀረው መኪና ማቆሚያ ይሁን፤ ሁሉም በኮንክሪት ይሸፈን። አርክቴክቷ አለቃው ቢሮ ገብታ ጮኸች፤ ስትወጣ ዓይኗ ቀልቷል።

«ለግንባታ ሠራተኞቹ የሚሄደውን ፕላን አስተካክለው» አለችው። «አዳራሹ ውስጥ ለሕዝቡ የተሰቀለውን ግን አትንካው ብለዋል። እስኪፈርሙ።»

እሱም አስተካከለው። መስመሩ እንደ ወትሮው ንጹሕ ነበር።

ረቡዕ ከሰዓት እህቱ ቤት ሄደ። ጓሮው ውስጥ ጎንበስ ብላ አረም ስትነቅል አገኛት። ወገቧን ይዛ ቀና አለችና ትክ ብላ አየችው።

«እስቲ ልጠይቅህ። የቀባኸው አንተ ነህ። መሬቱ የእውነት አለ ወይስ የወረቀት ነው? ከሌለ ዳሩን እወስዳለሁ። መራቁ አያስፈራኝም።»

ሁለት አውቶቡስ፣ አለ በልቡ። ከሥራ መልስ ብቅ ማለት ሊቀር ነው። እሑድም ዝናብ ከጣለ ሊቀር ነው። አዲሱ ሕንፃ ግን እሱ ቤት በር ላይ ነው ማለት ይቻላል። ያን ባዶ ቤቱን አሰበ።

«አለ፣ እታለም» አላት።

«ማልልኝ አልልህም» አለችው እየሳቀች። «ያሳደግኩትን ልጅ ላስምል?»

ክፉ ሰው ነው አልልም። ብቸኝነት ክፉ ነው። ማሻሻያው ራሱ ይሻሻል ይሆናል፣ በዚህ መሥሪያ ቤት የማይለወጥ ነገር የለም፣ እያለ ራሱን ሲያባብል አደረ። ሐሙስ ጠዋት ደግፎ አዳራሹ ድረስ ወሰዳትና ፈረመች።

ከሁለት ዓመት በኋላ በአዲሱ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ የቤት ቁልፍ ተረከበች። ግቢው ከዳር እስከ ዳር ኮንክሪት ነው። ፀሐይ ሲበረታ ከጉድጓዱ ክዳን ሽታው ይወጣል፤ መስኮት ዘግታ ትውላለች። በቆርቆሮ የዘራችው ቆስጣ ፀሐይ በማያገኘው በረንዳ ላይ ቢጫ ሆኖ ሞተ። ዳሩን የመረጠች የድሮ ጎረቤቷ አንድ ቀን ከጓሮዋ የቆረጠችውን እቅፍ ሙሉ ሰላጣ ይዛላት መጣች። ሠፈር ስትመግብ የኖረች ሴት አመስግና ተቀበለች፤ እንግዳዋ ስትወጣ ግን አንዷንም ቅጠል አልቀመሰችም። ወንድሟ በየቀኑ ይመጣል፣ ሻይ ትቀዳለታለች፣ የምታወራው ግን እያነሰ ሄደ። ከስታለች። ሐኪም ምንም በሽታ አላገኘሁም አለ።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ነዋሪዎቹ በግቢው ተሰበሰቡ። በቀረባቸው መሬትና በጉድጓዱ ሽታ ሁሉም ተናዷል። ነዳፊው እህቱን ደግፎ አውርዶ ወንበር ላይ አስቀምጧት ጥግ ላይ ቆሞ ሳለ፣ አንድ ጡረታ የወጡ ሾፌር አዩት።

«ይሄ ሰውዬ የእነሱ ነው! ሥዕሉን የሠራው እሱ ነው! አንተ፣ ታውቅ ነበር አይደል? ስንፈርም ታውቅ ነበር!»

ሰዉ ሁሉ ዞረበት። እህቱ ግን የተቀመጠችበትን ወንበር ተደግፋ ተነሣች። ከወራት በኋላ ድምፅዋ ለመጀመሪያ ጊዜ የድሮውን መሰለ።

«ወንድሜን ተዉት!» አለች። «ከእኔ የበለጠ የሚያውቀው አለ? ቢያውቅ ኖሮ ይነግረኝ ነበር። እሱንም እንደ እኛው ነው ያታለሉት።»

ሾፌሩ አፈሩ። «ይቅርታ፣ እቴ» አሉ። ከዚያ ወደ እሱ ዞረው፣ ለማስታረቅ ያህል፣ «እውነቷን ነው?» ብለው ጠየቁት።

እህቱ እጁን ይዛ ነበር። ጣቶቿ ከስተው አጥንታቸው ይቆጠራል።

«እውነቷን ነው» አለ።