እስኪባል ድረስ የጠበቁት መምህር

መምህር አየነው ማረፋቸውን ላልሰማችሁ ወዳጆቻቸውና ተማሪዎቻቸው ሁሉ በሐዘን አስታውቃለሁ። ባለፈው ማክሰኞ ባሕር ዳር፣ ሹም አቦ ካለው ቤታቸው ሸኝተን ቀበርናቸው። በቀብሩ ላይ የሕይወት ታሪካቸውን ያነበቡት የቋንቋ ትምህርት ክፍላችን ኃላፊ ስለነበሩ እውነቱን የሚጽፍ ሌላ ሰው ያስፈልጋል። እኔ የጥናታቸው ረዳት ነበርሁ።

መምህር አማርኛንና አገውኛን ያወዳድሩ ነበር። አንዱን ድርጊት ሁለቱ ቋንቋዎች በዓረፍተ ነገር እንዴት እንደሚያዋቅሩት፣ በዚያም ሳቢያ ትርጉሙ የት ላይ እንደሚለያይ ይመረምሩ ነበር። ነገር ግን ማንንም «ይህን ተርጉምልኝ» ብለው አያውቁም። «የተጠየቀ ሰው ጠያቂውን ማስደሰት ይወዳል፤ እኔ የምሻው ማንንም ለማስደሰት ያልተባለውን ነው» ይሉ ነበር። ስለዚህ ጣና ዳር ተቀምጠው እስኪባል ይጠብቃሉ። አንድ ቀን ግን መጠበቁ ሰለቻቸውና ኮታቸውን እንደለበሱ ሆን ብለው ከታንኳ ላይ ወደቁ።

ባለታንኳው አቶ ይመር «ኧረ እኒህ ሰውዬ ምን ነካቸው! ቁጭ ይበሉ አላልሁም?» ብለው ጮኹ። ከእንጅባራ መጥተው ዳር ላይ ድንች የሚያጥቡት ወይዘሮ ጥሩዬ ደግሞ ያንኑ ጉድ ለእኅታቸው በአገውኛ እየሳቁ ተረኩ። መምህር ውኃው ከጢማቸው እየተንጠባጠበ ሁለቱንም በቃላቸው ይዘው፣ እጃቸው እንደደረቀ ጻፉ። እያንዳንዱ ተናጋሪ የየራሱ ደብተር ነበረው፤ ስሙም በሽፋኑ ላይ ይሰፍራል። ከዚያ የሳቁባቸውን ሴት ጆንያ ተሸክመው እስከ ገበያው አደረሱላቸው።

ኃላፊው ግን ከወንበራቸው ተነሥተው አያውቁም። ራሳቸው የገጣጠሟቸውን የአገውኛ ዓረፍተ ነገሮች እያነበቡ፣ አገው የሆኑትን ሽማግሌ ዘበኛ ፊታቸው አቁመው «ይባላል?» ይሏቸዋል። ሽማግሌው ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው «ይባላል፣ ጌታዬ» ይላሉ። አለቃውን «አይባልም» የሚል ዘበኛ የት አገር ተገኝቶ! ከዚህ ቧልት «ሁለቱ ቋንቋዎች በአንድ መልክ ያስባሉ» የሚል ጥናት ተወለደ፤ የበላይ አካልም አጨበጨበለት። የጎደለው በክፍሉ አገውኛን የሚያጠኑት የመምህር አየነው የማረጋገጫ ፊርማ ብቻ ነበር።

«ጓድ አየነው፣ ለአንድ ቋንቋ አንድ ዘበኛ አይበቃም?» አሉ ኃላፊው እየሳቁ።

«ለበር ይበቃል» አሏቸው መምህር።

አልፈረሙም። በሳምንቱ ከማስተማር ተነሥተው መጻሕፍት ቤት ውስጥ ካርድ እንዲደረድሩ ተደረገ፤ እስከ ዕለተ ሞታቸውም ደረደሩ። ቅዳሜ ቅዳሜ ግን ከሐይቁ ዳር አይቀሩም ነበር።

እኒያው ኃላፊ በለቅሶው ድንኳን ነጠላቸውን አዘቅዝቀው አጠገቤ ተቀመጡ። «ደብተሮቹን ነገ ቢሮ አምጣልኝ። የገበሬውን ስም ሁሉ እንሰርዝና በክፍሉ ስም እናሳትመዋለን።»

«የመምህርስ ስም?»

«እሱን እናያለን።»

ይህን ሲሉ ያፈሰሱት እንባ ጉንጫቸው ላይ አልደረቀም ነበር። ሰው መናቅ ነውር መሆኑን ተምሬ አድጌአለሁ፤ እኒህ ሰው ግን ትምህርቱን አስረሱኝ።

መምህሬ ሆይ፣ ደብተሮችዎን አልሰጠኋቸውም። እያንዳንዱን ስሙ ለሰፈረበት ሰው በእጁ አስረክቤአለሁ። ኃላፊው ሊያገኟቸው ቢሹ ከወንበራቸው መነሣት፣ ወደ እነዚያ ሰዎች ደጅ መሄድ፣ መሬት ላይ መቀመጥና ማዳመጥ ይኖርባቸዋል። ስለዚህ አይሥጉ፤ ሥራዎ እሳቸው ከማይደርሱበት ቦታ ነው። በሰላም ይረፉ።