የጋቢናው ውሃ

ገብረመስቀል ከላሊበላ ተሳፋሪ ሲጭን ቸኩሎ አያውቅም። መጀመሪያ መኪናው ፊት ቆሞ ሰዎቹን አንድ በአንድ ያያል፤ ዕድሜውን፣ ጥምጥሙን፣ ከዘራውን ይመዝናል። ከዚያ ከሁሉም የሚከበረውን ይመርጥና የቀኙን የፊት በር በሁለት እጁ ይከፍታል። «አባ፣ እርስዎ ጋቢና ይግቡልኝ» ይላል። የቀረው ሰው ከኋላ ተጠጋግቶ ይቀመጣል። በእሱ መኪና ጋቢና በገንዘብ አይገዛም። አንድ ነጋዴ እጥፍ ልክፈል ቢለው፣ «እጥፍ ከከፈልክ ከኋላ ሁለት ጊዜ ትቀመጣለህ» ብሎ ሸኝቶታል።

በወጣትነቱ ጋሸና ላይ የጭነት መኪና ረዳት ነበር። ቀጥሎ የአንድ እርዳታ ድርጅት ሹፌር ሆነ። ድርጅቱ ሲዘጋ፣ ሲነዳት የኖረውን የመስክ መኪና በጨረታ ገዛት። አሁን መኪናዋ ከልጁ ከመልአኩ በሰባት ዓመት ትበልጣለች። ሞተሯ ሲታመም ከድምፁ፣ ፍሬኗ ሲያረጅ ከሽታው ያውቃል። ሳያውቅ የኖረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ክረምት ሲገባ ጋቢናዋ ውስጥ ይዘንባል።

ሁለት ክረምት ሙሉ ዘነበ። ይህ እንዴት ሊሆን እንደቻለ ደረጃ በደረጃ ማየት ደስ ይላል። ሹፌሩ በግራ ነው የሚቀመጠው፤ ውሃው የሚወርደው በቀኝ ነው። ቀኝ በኩል የተነጠፈው ምንጣፍ ወፍራም ስለሆነ የጠጣውን አይተፋም። የሻጋታውን ሽታ ገብረመስቀል የራሰ ጋቢ ሽታ ነው ብሎ ያልፈው ነበር። ዋናው ምክንያት ግን ሌላ ነው። ውሃው የሚወርደው በአገሩ ከሁሉ ይበልጥ ይሉኝታ ባላቸው ሰዎች እግር ላይ ነበር። ጎረምሶቹና ነጋዴዎቹ ከሚቀመጡበት ከኋላ ቢወርድ ኖሮ፣ የመጀመሪያው ኩርባ ላይ ሳይደርስ ጩኸቱን በሰማ ነበር። መነኩሴ፣ መሪጌታና የአገር ሽማግሌ ግን አክብሮ ጋቢና ላስቀመጣቸው ሰው «ረጠብኩ» አይሉም። እግራቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ መርቀው ይወርዳሉ።

ነገሩ በዚሁ ይቀጥል ነበር፤ ዘንድሮ ግን የመልአኩ ጋብቻ መጣ።

መልአኩ ብልባላ ላይ መምህር ነው። ወዳጁ ኤልሳቤጥም እዚያው ትምህርት ቤት ታስተምራለች። ሁለቱ ከተስማሙ ቆይተዋል። የቀረው የአባቷ የአቶ ሙሉሃብት ፈቃድ ነበር። ገብረመስቀል በነሐሴ መባቻ ሦስት ሽማግሌ ላከ። ሙሉሃብት ሽማግሌዎቹን አክብሮ ተቀበለ፣ አበላ፣ አጠጣ፤ «እስቲ እናስብበት» አለ። በሳምንቱ ሲመለሱ ደግሞ «ክረምቱ ይውጣ» አላቸው። በላስታ እንቢታ የሚነገረው እንደዚህ ነው። መልአኩ እራት መብላት ተወ። ገብረመስቀል የዘር ሐረጉን እስከ ሰባት ቤት ቆጠረ፤ ዝምድና አላገኘም። ቂም ፈለገ፤ አላገኘም። የልጁን ጠባይ መረመረ፤ ከዝምታው በቀር ጉድለት አጣበት።

ይህን ሁሉ ያወራው ጋሸና፣ ሙጂብ የሚባል መካኒክ ጋራዥ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ነው። የሙጂብ ሚስት ሪሃና እዚያው አጠገብ ምግብ ቤት አላት። ሽሮውን እያቀረበች ጣልቃ ገባች።

«ማን ነው ያሉት ጋሼ? የብልባላው ሙሉሃብት? ሐምሌ ላይ እርስዎ ያመጧቸው?»

«አዎ፣ ወልድያ ሲሄዱ እስከዚህ ያደረስኳቸው እኔ ነኝ። እንዴት እንዳከበርኳቸው ብታይ!»

«አይቻለሁ እንጂ! አዲስ ጫማቸውን እኔ ምድጃ ላይ ሲያደርቁ አረፈዱ። ምን ሆኑ ብላቸው ወንዝ ተሻግሬ ነው አሉኝ። ከላሊበላ ጋሸና በመኪና ሲመጡ የምን ወንዝ ነው? የእርስዎ ጋቢና ነው እንጂ!»

«የእኔ ጋቢና?»

«ሙጂብ፣ ሰውየው አያውቁም ወላሂ!» ሪሃና ሳቋ አመለጣት። «ጋሼ፣ ከዚያ ጋቢና የወረደ ሰው እኮ ክረምት ክረምት ካልሲውን እዚህ ነው የሚጨምቀው። አንዱ ጤዛ ነው ይላል፣ አንዱ ኮዳዬ ፈሰሰብኝ ይላል።»

ገብረመስቀል ሽሮውን ትቶ ተነሳ። የቀኙን በር ከፍቶ ምንጣፉን ቢጫነው ውሃው በጣቶቹ መካከል ኩልል ብሎ ወጣ። ለምን እንቢ እንደተባለ አሁን የገባው መሰለው።

ወዲያው ሲሊኮን ገዝቶ የበሩን ጎማና የመስታወቱን ዙሪያ በሙሉ ለጠፈው። በማግስቱ ዘነበ፤ ምንጣፉም ራሰ። ሙጂብ ይህን ሲሰማ ራሱን ነቀነቀ። «ውሃ የሚገባበት ሌላ፣ የሚታይበት ሌላ ነው ጋሼ። መጀመሪያ ምስክር ይስሙ። መቼ፣ ከየት፣ ምን ያህል እንደፈሰሰ ጠይቀው ይምጡ።»

ገብረመስቀል የጋቢና ደንበኞቹን ቤት ለቤት ዞረ። የመጀመሪያው ሽማግሌ «ውሃ? አላየሁም» አሉት። ሁለተኛው «ላቤ ይሆናል» አሉት፤ ያ ቀን ሰው ሁሉ ሁለት ጋቢ የደረበበት ቀን ነበር። ምስክሩ ሁሉ ለተከሳሹ የሚያደላ ችሎት ሆነበት። በመጨረሻ ከአሸተን ማርያም የወረዱ አንድ መነኩሴ አገኘ።

«አባ፣ በእመቤታችን ይዤዎታለሁ። ያን ዕለት እግርዎ ረጥቧል አልረጠበም?»

መነኩሴው ፈገግ አሉ። «በእመቤታችን ከያዝከኝማ ምን እላለሁ ልጄ። ሰው እግሬን ሲያጥበኝ ጸሎተ ሐሙስ የደረሰ መስሎኝ ነበር።»

«ዝናቡ ሲበረታ ነው የመጣው?»

«የለም፣ ዝናቡማ አባርቶ ነበር። ወደ ግራ በታጠፍን ቁጥር አንድ አንድ ጭልፋ ይመጣል። ቀጥ ስንል ይተዋል።»

ሙጂብ ይህን ሲሰማ መፍቻውን አስቀመጠ። እንዲህ ያለ ምስክርነት ለመካኒክ ከወርቅ ይበልጣል። ቀዳዳ ቢሆን ኖሮ ዝናቡ ሲያቆም ውሃውም ያቆም ነበር። ዝናቡ ካቆመ በኋላ መኪናዋ ወደ ግራ ስትታጠፍ ወደ ቀኝ የሚፈስ ከሆነ ግን፣ ውሃው አንድ ቦታ ተጠራቅሞ ይጠብቃል ማለት ነው። «ይሄ ቀዳዳ አይደለም፤ ኩሬ ነው» አለ ሙጂብ።

ቢሆንም ሳያረጋግጥ የሚነካ ሰው አይደለም። ምንጣፉን አነሳ፣ ወለሉን አደረቀ፣ ስስ ዱቄት ነሰነሰበት። ደረቅ ዱቄት ላይ የሄደ ውሃ መንገዱን ሊደብቅ አይችልም። ውስጥ ተቀምጦ የሚያይ ሰው ሲያስፈልግ ገብረመስቀል አንድ የተከበረ ሰው ሊጠራ ተነሳ። ሙጂብ ያዘው።

«የተከበረ ሰው አንፈልግም። የሚናገር ሰው ነው የምንፈልገው። ሪሃና!»

ሪሃና ጋቢና ገባች። ሙጂብ በጆግ ማፍሰስ የጀመረው ከታች ነው፤ እዚህ ላይ ሥርዓቱን ልብ ማለት ያስፈልጋል። ከጣሪያው ከተጀመረ ውሃው ቁልቁል ሲወርድ ሁሉንም ያረጥባል፤ የትኛው እንዳስገባ አይለይም። ስለዚህ መጀመሪያ የበሩ ግርጌ፣ ከዚያ ቆየት ብሎ የበሩ ጎማ፣ ከዚያ ቆየት ብሎ የመስታወቱ ጠርዝ።

«እህስ?»

«ደረቅ ነው። ወጡ ሊያርርብኝ ነው፣ ቶሎ በል!»

ቀጥሎ ኮፋኖውና የፊት መስታወቱ ከሚገናኙበት ሥር ያለው ወንፊት መሰል ክዳን ላይ አንድ ጀሪካን አፈሰሰ። ምንም የለም። ሁለተኛውን ደገመ። ከዚያ ገብረመስቀልን ጠራና መኪናዋን ከግራ በኩል ሁለት ሦስት ጊዜ ነቅነቅ አደረጓት።

«መጣ! ያ ረቢ! ከዳሽቦርዱ ሥር እንደ ቧንቧ እየወረደ ነው! ቀሚሴን! ኧረ አቁሙ፣ አልቻልኩም!»

ገብረመስቀል እጁን አፉ ላይ ጭኖ ቆመ። በእሱ ጋቢና ቅሬታ ሲሰማ የመጀመሪያው ነበር። እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎት ነበር።

ከዚያ ክዳን ሥር ከዓይን የተሰወረ ቦይ አለ። ዝናቡን ተቀብሎ በግራና በቀኝ ባሉ ሁለት ትንንሽ ቀዳዳዎች ወደ መሬት ያወርዳል። ከቦዩ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ በቀኝ በኩል፣ ንፋስ ወደ መኪናው የሚያስገባ አፍ አለ። ቀዳዳዎቹ ከተደፈኑ ቦዩ ይሞላል፤ መኪናዋ ስትታጠፍ ውሃው ተንጦ በንፋሱ አፍ ይገባና የክብር እንግዳው እግር ላይ ያርፋል። ሙጂብ ክዳኑን ሲያነሳ ሁለቱም ቀዳዳዎች አይታዩም ነበር። የሚታየው ጥቁር አፈር ነው፤ አፈሩ ላይ ደግሞ ስድስት የገብስ ቡቃያ በቅሏል።

«ጋሼ፣ ይቺን መሬት ግብር ይከፍሉባታል?» አለ ሙጂብ።

ገብሱ ከተሳፋሪ ጆንያ የረገፈ ነው። አፈሩ ግን የራሱ የገብረመስቀል ሥራ ነበር። በየዓመት በዓሉ ቄጤማ፣ በሆሳዕና ዘንባባ ከዝናብ መጥረጊያው ሥር ይሰካል። አሥራ አንድ ዓመት እየበሰበሰ ወደ ቦዩ ወርዷል። መኪናዋን ሲያከብራት ቀዳዳዋን ደፍኖ፣ የተጠራቀመውን ውሃ ለሚያከብረው ሰው ሲያጠጣ ኖሯል። ሙጂብ አፈሩን በማንኪያ አወጣ፣ ቀዳዳዎቹን በሽቦ ጠረገ። ሁለት ጀሪካን መልሶ ሲያፈስ ውሃው በጎማዎቹ በኩል ሹልል ብሎ መሬት ወረደ።

ነሐሴ ሊያልቅ ሲል፣ ዶፍ በሚጥልበት ቀን ገብረመስቀል ብልባላ ሄደ። ሙሉሃብት ላሊበላ ገበያ ሊወጣ እንደሆነ ሰምቶ ነበር። በሩን በሁለት እጁ ከፈተለት። ሙሉሃብት የላስቲክ ቦቲ አድርጎ ነበር የመጣው። ስለ ቦቲው አንዳቸውም ቃል አልተነፈሱም።

አንድ ኩርባ፣ ሁለት ኩርባ ታጠፉ። ሙሉሃብት እግሩን አንስቶ ጠበቀ፤ ምንም ሲያጣ ቀስ ብሎ አወረደ።

«አቶ ሙሉሃብት፣ ሐምሌ ላይ አርሼዎታለሁ» አለ ገብረመስቀል።

«ኧረ የለም፣ ምን ሲደረግ!»

«አርሼዎታለሁ። የጫማውን ነገር ሰምቻለሁ። ሽማግሌዎቼን የመለሱብኝ በጫማው ነው?»

ሙሉሃብት ዝናቡን ጥቂት ተመለከተ። «ጫማውማ ጫማ ነው። ያን ሁሉ መንገድ ውሃ ውስጥ ተቀምጬ አንድ ጊዜ ዞር ብለው እግሬን አላዩም። ልጄ እርስዎ ቤት ብትገባ፣ ሲከፋት ማን ያይላታል አልኩ።»

«አልነገሩኝማ!»

«ጋቢና አስቀምጠውኝ? እንዴት ብዬ?»

ሙሉሃብት ሳቅ አለ። «ኤልሳቤጥ ግን እኔን አልወጣችም። ጣቷ ከረጠበ አገር ይሰማል። ያን ከቻሉት ሽማግሌዎቹ ይመለሱ። ሠርጉ ለጥር ይደርሳል።»

ገብረመስቀል ፍሬን ያዘ። በዶፉ ወርዶ በፊት ለፊት ዞረና በሙሉሃብት በኩል መጥቶ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳ። ምርቃት ሊቀበል ቆመ። ሙሉሃብት መስታወቱን አወረደ።

«አንተ ሰው፣ በስብሰሃል እኮ! ግባ!»

ገብረመስቀል ተመልሶ ገባ። ውሃው ከአገጩ ይንጠባጠብ ነበር።

«በጣም ነው የበረደኝ» አለ።

ሙሉሃብት ጋቢውን ዘርግቶ ግማሹን አለበሰው።