የማሞቂያ ሠራተኛው ሁለት ኩባያ

በጥር ብርድ፣ በእንግሊዟ ሊድስ ከተማ፣ የቤት ማሞቂያ የሚጠግን ሠራተኛ ከዘመድ ይበልጥ ይከበራል። እኔ ቤት የመጣው ግን ክብር የሚፈልግ አይመስልም ነበር። ጫማውን በር ላይ አውልቆ በተጣፈ ካልሲ ገባ።

"የማሞቂያው ውሃ ግፊት በየጧቱ ወርዶ አገኘዋለሁ" አልኩት።

"እርስዎስ ምን ያደርጋሉ፣ እናቴ?"

"ውሃ እጨምርበታለኋ።"

"ሁሉም እንደዚያ ነው የሚያደርገው" አለ፣ ሳይቆጣ።

በየክፍሉ እየዞረ የቱቦዎቹን መጋጠሚያዎች በሽንት ቤት ወረቀት ጠመጠማቸው። ከዚያ የሚያፈሰው የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ወረቀቱ እስኪረጥብ ሊጠብቅ ደረጃው ላይ ቁጭ አለ። ሻይ ላፍላ ስለው "የራሴን ይዣለሁ" አለኝ። ከቦርሳው ፔርሙስና ሁለት ኩባያ አወጣ። አንዱን ሞልቶ ጠጣ፤ ሌላውን፣ የሴት የሚመስለውን ባለአበባ ኩባያ፣ ባዶውን ከጎኑ አስቀመጠው። ማን ሊመጣ ነው ብዬ በሩን አየሁ፤ የመጣ ሰው አልነበረም።

የረጠበው ወረቀት የተገኘው በጓዳው ነው።

"ወለሉ ደረቅ አይደል እንዴ? ይሄ ሁሉ ውሃ የት ሄደ?"

"በጥቂት በጥቂቱ ሲሄድ እኮ አይታይም፣ እናቴ። ቱቦው ትኩስ ስለሆነ እዚያው ያደርቀዋል። መጉደሉ የሚታወቀው ቤቱ ሲበርድ ነው።"

መጋጠሚያውን አጥብቆ ሲያበቃ ዕቃውን ሰበሰበ። የጠጣበትን ኩባያ እንዳለ ቦርሳው ውስጥ ጣለው። ያልተነካውን ግን በሸሚዙ ጫፍ ደህና አድርጎ ወለወለና በፎጣ ጠቅልሎ ከላይ አስቀመጠው።